በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉ የፈጠራ ትስስሮች እንዴት ይገመገማሉ? ከነጌሌ ቦረናና ከደቡብ ቆላማ ከተሞች አካባቢ የተገኘ ተሞክሮ

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በዱብሉቅም ሆነ በሞያሌ ዙሪያ የሚኖር አርብቶ አደር የሚፈልገውን አገልግሎት ከአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አያገኝም። የተሻሻለ የመኖ ዘር የሚወጣው ከምርምር ማዕከል ነው። ስለ ዘሩ አጠቃቀም የሚያስረዳው በቀበሌ የተመደበው የልማት ሠራተኛ ነው። ብድር የሚገኘው ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ክትባት ከእንስሳት ጤና ኬላ ሲሆን፣ ከብቱ በስንት ብር እንደሚሸጥ የሚታወቀው ደግሞ በገበያ ቀን ከነጋዴ አፍ ነው። እነዚህ አካላት ተለያይተው ሲሠሩ አርብቶ አደሩ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲመላለስ ጊዜውን ይጨርሳል። ይህን ለማስቀረት መንግሥት በራሱ በጀት፣ እንዲሁም በስሙ በተወሰደ ብድርና ዕርዳታ የጋራ መድረኮችንና የትብብር ፕሮጀክቶችን ይደግፋል። በዚህ ጽሑፍ «የፈጠራ ትስስር» የተባሉት እነዚህ ናቸው።

«ፈጠራ» ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳብ የሚመጣው አዲስ መሣሪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ ነው። በቆላማው አካባቢ ግን ሣር አጭዶ ለድርቅ ወቅት ማቆየት፣ ሴቶች ተሰባስበው መቆጠብና መነገድ፣ ለከብት መድን መግዛትም ፈጠራ ነው። አዲስነቱ የሚለካው ለተጠቃሚው እንጂ ለዓለም አይደለም።

ምርምርን፣ ኤክስቴንሽንንና አምራቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የማሰባሰብ ሥራ በአገራችን ረዘም ያለ ዕድሜ አለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የምርምርና የኤክስቴንሽን አገናኝ ኮሚቴዎች ተቋቁመው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአማካሪ ምክር ቤት ደረጃ እንደገና ተደራጁ። ከዚያም ኅብረት ሥራ ማኅበራትን፣ የግሉን ዘርፍና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን በማካተት የግብርና ልማት አጋሮች ትስስር አማካሪ ምክር ቤት የሚለውን መልክ ያዙ። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ደግሞ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውና በሦስት ምዕራፎች አሥራ አምስት ዓመት እንዲቆይ የታቀደው የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክት በአፋር፣ በሶማሌ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል ተግባራዊ ሆኗል። ከ2019 ወዲህ በዚሁ መስመር የቀጠለው የቆላማ አካባቢዎች የኑሮ አይበገሬነት ፕሮጀክት ነው። የመጀመሪያው የአገናኝ ኮሚቴ ዛሬ ከሚታወቀው ምክር ቤት ለመድረስ ስያሜውን ደጋግሞ መቀየሩ ራሱ ለገምጋሚ ጥያቄ ያስነሳል። አዲሱ የተተካው የቀድሞው ተገምግሞ ጉድለቱ ታውቆ ነው ወይስ ገንዘቡን የሚሰጠው አካል ስለተቀየረ?

ግምገማ ማለት ይህን መሰል ጥያቄ በማስረጃ መመለስ ነው። ከክትትል የሚለየውም በዚህ ነው። ክትትል የታቀደው ሥራ መሠራቱን ያያል፤ ግምገማ ግን ሥራው ያስከተለውን ለውጥና ለውጡ ያለ ሥራው ይመጣ እንደሆነ ይመረምራል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚሁ በቦረና ምድር ሁለቱን አለመለየት ብዙ አስከፍሏል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በያቤሎ የሙከራ የግጦሽ መሬት ልማት ሥራ ተጀመረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በሦስተኛው የእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክት ሥር የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ድርጅት ተቋቁሞ መንገድ ማውጣትን፣ የእንስሳት ሕክምናንና የኩሬ ቁፋሮን በስፋት ያዘ። ኩሬዎቹ የተቆፈሩት ባብዛኛው ቋሚ ውኃ ባልነበረባቸው፣ ከብት በዝናብ ወራት ብቻ በሚደርስባቸው ሜዳዎች ላይ ነበር። ውኃ አልነበረም፣ አሁን አለ፤ ስለሆነም በሪፖርት ላይ ሥራው የተሳካ ነበር።

የቦረና የግጦሽ ሥርዓት ግን የቆመው ውኃ በሁሉም ቦታ ባለመኖሩ ላይ ነበር። በደረቅ ወቅት ከብት ጥልቅ ወደሆኑት የቱላ ጉድጓዶች ይሰበሰባል፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ሩቁ ሜዳ ይበተናል፤ በዚያ ጊዜ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር ያርፋል፤ ሩቁም ሜዳ በተራው በበጋ ያርፋል። ውኃው ዓመቱን ሙሉ ሲገኝ ሰውና ከብት በዚያው ከረሙ፤ ሣሩ የማገገሚያ ጊዜ አጣ። በዚሁ ዘመን ሜዳን በእሳት ማጽዳት ተከለከለ። ቀድሞ በእሳት የሚገታው ቁጥቋጦ ተስፋፍቶ የሣሩን ቦታ ያዘ። ከ1980 እስከ 1991 (እ.ኤ.አ.) በአካባቢው የተካሄዱትን የምርምር ውጤቶች አሰባስቦ ሌይን ኮፖክ በ1994 ያሳተመው ጥናት ይህን የግጦሽ መሬት ለውጥ በሰፊው ይተነትናል። የተቆፈሩት ኩሬዎች ቁጥር በትክክል ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ያልተጠየቀው ግን ከኩሬው በኋላ ሣሩ፣ ከብቱና የከብቱ ባለቤት ምን እንደሆኑ ነበር። ዛሬም ቢሆን በየወረዳው ሪፖርት ውስጥ «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ስብሰባ ተካሄደ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ በርክቶ ይገኛል።

በአንጻሩ በጥንቃቄ የተገመገመ ሥራም ከዚሁ አካባቢ ወጥቷል። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ አርብቶ አደሮች መካከል የተሠራውና ፓሪማ በሚለው አህጽሮት የሚታወቀው ፕሮጀክት በአሜሪካ መንግሥት የልማት ገንዘብ የተደገፈ ነበር። ከ2000 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በቦረና አምባ የሚኖሩ ሰዎችን፣ በተለይም ድሃ ሴቶችን፣ በቡድን አደራጅቷል። የሥራው መነሻ ጉብኝት ነበር። ከደቡብ ኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች በሰሜን ኬንያ የሚኖሩና እንደ እነርሱ አርብቶ አደር የሆኑ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሲቆጥቡ፣ ሲነግዱና ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ በዓይናቸው አዩ። ወደ ቀያቸው ሲመለሱም የራሳቸውን ማቋቋም ጀመሩ። በመጨረሻ ከ2,300 በላይ አባላት ያሏቸው 59 ቡድኖች ተመሠረቱ፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማደራጃዎች፣ ተመራማሪዎችና ነጋዴዎች በዙሪያቸው ተያያዙ። ይህ በወረቀት ላይ ከተጻፈ መዋቅር ያልተነሣ፣ ነገር ግን በተግባር የሚሠራ ትስስር ነበር።

ውጤቱን ለማወቅ ተመራማሪዎቹ የቡድኖቹን አባላት ብቻ ጠይቀው አልተመለሱም። በቡድኖቹ ያልታቀፉ፣ ነገር ግን ተመሳሳይ ኑሮ የነበራቸውን ሰዎችም ጠይቀው ሁለቱን አነጻጸሩ። ከ2005 እስከ 2008 በአካባቢው ድርቅ ስለነበረ ንጽጽሩ ከባድ ፈተና ሆነ። በድርቁ ውስጥ የቡድን አባላት በኑሮ ደረጃ፣ በሀብት ክምችት፣ ረኃብን በመቀነስና አደጋን በመቋቋም የተሻለ አቅጣጫ አሳዩ። ግኝቱ በ2011 «ሳይንስ» በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ታትሟል። ደራሲዎቹ ሌይን ኮፖክ፣ ሰሎሞን ደስታ፣ ሥዩም ተዘራና ጌታቸው ገብሩ ናቸው።

ይህ ግምገማ ደካማ ጎንም አለው፤ ጥናቱም አልደበቀውም። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ሰዎች የተለዩት ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው። ስለሆነም የሁለቱ ወገኖች መነሻ ሁኔታ አስቀድሞ ጎን ለጎን አልተመዘገበም። ወደ ቡድን የገቡት ሴቶች ከመጀመሪያውም ቆራጥ የነበሩ ቢሆኑስ የሚለውን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይቻልም። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት የመነሻ መረጃ መሰብሰብ ያለበት ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት መሆኑን ነው፤ በኋላ በማስታወስ የሚሞላ መነሻ መረጃ ምንጊዜም ጎዶሎ ነው።

በዚህ ረገድ የተሻለ ዝግጅት የተደረገለት ሥራ የከብት መድን ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ጋር በመተባበር በቦረና ዞን በመለኪያ ላይ የተመሠረተ የእንስሳት መድን ለገበያ አቀረበ። አሠራሩ ከተለመደው መድን ይለያል። የአንድ አርብቶ አደር ላም መሞቷ አይጣራም፤ ይልቁንም የአካባቢው ዕፅዋት ልምላሜ በሳተላይት ይለካና ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ በዚያ አካባቢ መድን የገዛ ሁሉ ይከፈለዋል። በዚህ ሥራ የምርምር ተቋም፣ የግል ኩባንያ፣ የቀበሌ ወኪልና አርብቶ አደር በአንድ ሰንሰለት ተያይዘዋል።

መድኑ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በስምንት ወረዳዎች ወደ 500 የሚጠጉ አባወራዎች ተጠይቀው መነሻ መረጃ ተያዘ። ቀጥሎም የዋጋ ቅናሽ ኩፖን በዕጣ ለአንዳንዶች ተሰጠ። ለሌሎች ደግሞ ስለ መድኑ የሚያስረዳ በሥዕል የተዘጋጀ ትምህርትና የተቀረጸ ጭውውት ደረሳቸው። ማን ምን እንደሚደርሰው የወሰነው ዕጣ በመሆኑ በኋላ የታየው ልዩነት ከሰዎቹ ባሕርይ ሳይሆን ከተሰጣቸው ነገር የመነጨ ነው ለማለት ተቻለ። ውጤቱ ለሥልጠና አዘጋጆች መራራ ነበር። ትምህርቱ የሰዎቹን ዕውቀት ከፍ አደረገ፤ ነገር ግን ዕውቀቱ ብቻውን ገዢ አላበዛም። ቅናሹ ግን ገዢዎችን አበዛ። ቅናሽ የለመደ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በሙሉ ዋጋ አይገዛም የሚለው ሥጋትም በተገኘው መረጃ አልተረጋገጠም። ትስስሩ የተገመገመው በሠልጣኞች ብዛት ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ ውጤታማ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

በዚሁ መድን ላይ ሌላ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። ሳተላይቱ ሜዳው ለምልሟል ባለበት ወቅት የአንድ ቤተሰብ ከብት በበሽታ ወይም በአካባቢያዊ የሣር እጥረት ሊያልቅ ይችላል፤ ለምለም የሚመስለውም ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል። አርብቶ አደሩ አረቦን ከፍሎ፣ ከብቱን አጥቶ፣ ካሣም ሳያገኝ ይቀራል። የአካባቢውን አማካይ ውጤት ብቻ የሚያሳይ ግምገማ ይህን ሰው አያየውም። ስለዚህ ጥሩ ግምገማ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የተጎዳውንም ለይቶ ያቀርባል።

የደቡብ ቆላማ አካባቢን ለመገምገም የሚያስቸግሩ ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። ዋነኛው ድርቅ ነው። አካባቢው ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ጋና ሲሆን፣ አነስተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚጥለው ሀጋያ ነው። ከ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተው ከፍተኛ የከብት ዕልቂት ደርሷል። በ2019 የተጀመረን ማንኛውንም ሥራ «በፊት» እና «በኋላ» ብሎ ማነጻጸር ሥራው ሰዎችን እንዳደኸየ ያሳያል። ትክክለኛው ጥያቄ ሥራው ባይኖር ኖሮ ምን ያህል ይብስ ነበር የሚለው ነው፤ ይህን ለመመለስም ያልተደገፈ ቀበሌን መመልከት ግድ ይላል። በተቃራኒው ዝናቡ ባማረበት ዓመት የተጠናቀቀ ፕሮጀክት የሰማይን ውለታ የራሱ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል።

የአስተዳደር ወሰን ለውጥም ቀላል ችግር አይደለም። የጉጂ ዞን በ2002 (እ.ኤ.አ.) ከቦረና ዞን ሲለይ የነጌሌ መገኛ የሆነው ሊበን ወረዳ ወደ ጉጂ ተዛወረ። በኋላ ደግሞ የምዕራብ ጉጂና የምሥራቅ ቦረና ዞኖች ተደራጁ። «የቦረና ዞን» የሚል ርእስ ያላቸው የተለያዩ ዓመታት መረጃዎች ስለዚህ አንድ ዓይነት መሬትና አንድ ዓይነት ሕዝብ አያመለክቱም። መረጃው በቀበሌ ደረጃ ካልተያዘ በስተቀር የዞን ድምር ቁጥሮችን ማነጻጸር አሳሳች ነው።

ጠያቂው የሚሄድበት ወቅትም ውጤቱን ይለውጣል። በደረቅ ወራት ወጣቶቹ የሚታለቡትን ጥቂት ላሞች በቤት ትተው ከዋናው መንጋ ጋር ርቀው ይሄዳሉ። በዚያ ጊዜ በመንገድ ዳር መንደሮች የሚሞላ መጠይቅ የአዛውንትና የከተማ ነዋሪ ድምፅ ብቻ ይዞ ይመለሳል። መጠይቁ በኦሮምኛ ካልተዘጋጀ ወይም ጥያቄው በአስተርጓሚ ብቻ ከደረሰ መልሱ የአስተርጓሚው ግምት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

በመጨረሻም ማንኛውም አዲስ ትስስር የሚተከለው በባዶ መሬት ላይ አይደለም። በቱላ ጉድጓድ የዕለቱን የውኃ ተራ የሚያስከብረው አባ ሄረጋ፣ ከብቱ ያለቀበትን ጎሳው እንዲደግፈው የሚያደርገው የቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት፣ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግ የሚመረምረውና የሚያውጀው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ከማንኛውም ፕሮጀክት በፊት የነበሩ ትስስሮች ናቸው። እነዚህን የማይመዘግብ ግምገማ ሁለት ስሕተት ይሠራል። በነባሩ ሥርዓት የተገኘውን ውጤት ለፕሮጀክቱ ይቆጥርለታል። ፕሮጀክቱ ነባሩን አዳክሞ እንደሆነም አያውቅም።

የአንድ ትስስር ጥንካሬ የሚታየው አባላቱ ያለ ስብሰባ ጥሪ ሲገናኙ ነው። የልማት ሠራተኛው የመኖ ችግር ሲገጥመው በያቤሎ ወደሚገኘው የአርብቶ አደርና የቆላማ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል ይደውላል ወይስ የሚቀጥለውን ዓመታዊ ጉባኤ ይጠብቃል? የሴቶች ማኅበሩ ፍየሎቹን ለመሸጥ ከላኪው ጋር በቀጥታ ይነጋገራል ወይስ በፕሮጀክቱ ባለሙያ በኩል ብቻ ነው? ገምጋሚዎች እያንዳንዱ አባል ባለፈው ዓመት ከማን ጋር፣ ስንት ጊዜ፣ ስለ ምን እንደተገናኘ ጠይቀው በሥዕል ያስቀምጡታል። ሁሉም መስመሮች በአንድ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት በኩል የሚያልፉ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ የተዘጋ ቀን ትስስሩም ይዘጋል። ለውጡ ጊዜ እንደሚፈልግም መዘንጋት የለበትም። በስዊድን ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለክልሎች የፈጠራ ትስስር የሚሰጠው ቪንቬክስት የተባለው ድጋፍ ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ ሆኖ በየመካከሉ ይገመገማል፤ ገምጋሚዎችም ሥራው እየተካሄደ ሳለ አብረው ይከታተላሉ። በእኛ አገር አንድ የበጀት ዓመት ሳይሞላ ውጤት የሚጠየቅበት አሠራር ትስስሮቹን ወደ ሥልጠናና ስብሰባ ይገፋቸዋል፤ በአንድ ዓመት ሊቆጠር የሚችለው ይኸው ነውና።

የእነዚህ ሥራዎች ወጪ ብድርም ቢሆን የሚመለሰው ከሕዝብ ስለሆነ፣ ተገልጋዩ የግምገማው ተጠያቂ ብቻ ሳይሆን ባለቤትም ነው። በቀበሌው አዲስ መድረክ ወይም ፕሮጀክት ሲተዋወቅ መነሻ መረጃ ተሰብስቦ እንደሆነ፣ ግምገማውን የሚያካሂደው ሥራውን ከሚፈጽመው አካል የተለየ መሆኑንና ውጤቱ መቼና በምን ቋንቋ ለማኅበረሰቡ እንደሚቀርብ መጠየቅ ይገባዋል። ለቃለ መጠይቅ የሚመጣ ሰው ዓላማውን የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ተጠያቂውም ያለ ምንም መዘዝ አልፈልግም ማለት ይችላል። መልሱ ዕርዳታ የሚያስገኝ ወይም የሚያስቀር ከመሰለው ሰው ችግሩን ማጋነኑ ወይም መደበቁ አይቀርምና፣ ጠያቂው ይህን ከመጀመሪያው ግልጽ ማድረግ አለበት።

ከፕሮጀክት ጋር የተያያዘ ቅሬታ በቅድሚያ በቀበሌና በወረዳ ላሉት ቅሬታ ሰሚ አካላት ይቀርባል። የገንዘብ አጠቃቀምና የሥራ አፈጻጸም ጉድለትን በሚመለከት የፌዴራል ዋና ኦዲተር እና የክልሉ ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት የማካሄድ ሥልጣን አላቸው። የግምገማ ሪፖርቱን ራሱን ማየት የሚፈልግ ዜጋ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት ይኖርበታል። ጥያቄው ያለ በቂ ምክንያት ውድቅ ከተደረገ ወይም መልስ ካላገኘ አቤቱታው በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ጥያቄው የቀረበበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ በእጅ ማስቀረት አቤቱታውን ያቀልላል።